«ዘይቱን ማን ጠጣው?»

*የአንባቢ ደብዳቤ*

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ከተከታተልኩ ቆይቻለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 12፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ደረሰኝ ሳመሳክር እውላለሁ። የራሴ ቤት ሂሳብ ግን ካለፈው ግንቦት ወዲህ አልገጥም ብሎኛል።

ባለቤቴ ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ሽያጭ ላይ ይሠራል። ድሮ ከደመወዙ ሌላ ጥሩ ኮሚሽን ነበረው። ዶላር ሲወደድ ድርጅቱ የሚያስገባው ዕቃ ቀነሰ፣ ኮሚሽኑም እየሳሳ መጣ። ካለፈው ጥር ጀምሮ ጭራሽ ቆሟል። አሁን እጁ ላይ የሚደርሰው 18,000 ብር ነው። የእኔ 14,500 ነው። ኪራይ 14,000፣ የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት በወር 8,000 ይወስዳል። በቀረው ቆጥበን መኖር እንችላለን ብዬ ነበር። ግን አይደርስም። «ደመወዝ እየተቆራረጠ ነው የሚገባው» ይለኛል። አምኜው ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ሰው ደወለልኝ። የባለቤቴ ዕቁብ ጸሐፊ ነው። ለካ ባለቤቴ የእኔን ቁጥር በተጠሪነት አስመዝግቦ ኖሯል። «ክፍያው ዘግይቷል፣ ስልኩንም አያነሳም፣ ዋሱም ተጨንቋል» አለኝ። ጥቅምት ላይ የተጀመረ፣ በወር 10,000 የሚጣልበት፣ የ20 ሰው ዕቁብ ነው። ባለቤቴ ዕጣውን ታኅሣሥ ላይ ወስዷል፤ 200,000 ብር። እኔ ዕቁብ እንዳለውም አላውቅም ነበር። በኋላ ከወንድሙ ሚስት እንደሰማሁት፣ ብሩን ሐዋሳ ላለው ታናሽ ወንድሙ ለባጃጅ መግዣ ማሟያ ሰጥቶታል። ወንድሙ አራት ወር ከፈለ። ከዚያ ባጃጁ ተበላሽቶ ቆመ፣ ክፍያውም አብሮ ቆመ።

ማወቄን እስከ ዛሬ ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ራሱ እስኪናገር እየጠበቅኩ ነው። እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሐምሌ ላይ ለልጆቹ ምዝገባ ሲጨንቀኝ እናቴ ለሠርጌ ያደረገችልኝን ሀብል ወርቅ ቤት ወስጄ ሸጥኩት። «እህቴ ጋ ነው» ብዬዋለሁ። አስቤዛ ሲያልቅ ደግሞ በስልክ እበደራለሁ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን። አሁን 6,000 ብር ደርሷል።

ባለፈው ሳምንት ዘይት አለቀ ስለው «ትጠጪዋለሽ እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ ፊት። እኔም የማይባል ነገር መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ልጆቹ ብቻ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ቤት አይገባም። ከብሎካችን መግቢያ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በረንዳ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። አይጠጣም፣ ሰው አያገኝም። ዝም ብሎ ስልኩን ያያል።

ሴቷ ልጄ ሰሞኑን ከክፍል ክፍል እየዞረች መብራት ታጠፋለች። «ምነው?» ስላት «ካርዱ እንዳያልቅ» አለችኝ። ማንም አልነገራትም። ወንዱ ደግሞ ዝም ብሏል።

አሁን አከራያችን ከመስከረም ጀምሮ 17,000 ክፈሉ ብላለች። ከገባን ገና ዓመታችን ነው። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በወር 2,000 እልክ ነበር፤ እሱም እየከበደኝ ነው። እህቴ ዱባይ ናት። ስትደውል «ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም» እላታለሁ።

ምን ላድርግ? ማወቄን ልንገረው ወይስ ልጠብቅ? ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ላውጣ? እህቴን ልጠይቃት?

ሂሳቡ ያልገጠመላት፣ ከጀሞ

*መልስ*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነበር። የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ አትታዘቢኝም ብዬ ነው።

ሁለታችሁም ጋ የሚገባው 32,500 ብር ነው። ኪራዩንና ትምህርት ቤቱን አነሳሁ፤ 10,500 ቀረኝ። አንቺ እስከ ሰኔ ድረስ የምታውቂው ሂሳብ ይህ ነው። በዚህ ብር ነው «ቆጥበን እንኖራለን» ያልሽው። ከዚህ ላይ የዕቁቡን 10,000 ሳነሳ የቀረኝ 500 ብር ነው። ለአራት ሰው፣ ለአንድ ወር።

ዘይቱን ማንም አልጠጣውም፣ እህቴ።

ከቁጥሩ የጀመርኩት አለምክንያት አይደለም። ስንት ወር ራስሽን ስትጠረጥሪ እንደቆየሽ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። ገበያ ላይ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ ቀንሼ ይሆን፣ ታክሲውን ትቼ በአውቶቡስ ብሄድ ይሻል ይሆን እያልሽ። እሱም በበኩሉ፣ አንቺ በእያንዳንዱ ነገር የምታማርሪ እየመሰለው ይበሳጫል። 500 ብር ግን የትኛዋም ባለሙያ ሴት ብትይዘው ወር አያደርስም። ዘይቱ ላይ የተጣላችሁት ስለ ዘይት አልነበረም። ስሙ ስላልተጠራው 10,000 ብር ነው።

ስለ ባለቤትሽ አንድ ነገር ልበል። ጥብቅና ልቆምለት ፈልጌ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሸጦ በኮሚሽን ለሚያድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቤታችሁ ውስጥ አይታችሁታል። ሰውየው አልሰነፈም። የሚሸጠው ነገር ነው ያጣው። ሐዋሳ ላይ የቆመችው ባጃጅም መለዋወጫዋ ከውጭ ነው የሚመጣው። እንግዲህ ወንድምየውም እዚያው ጣጣ ውስጥ ነው። ድሮ «ለወንድሜ አደረግኩለት» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ የነበረ ሰው፣ ዛሬ የጸሐፊውን ስልክ ማንሳት አቅቶታል። ለወንድሙም «አምጣ» ለማለት ይሉኝታ ይዞታል። ለአንቺም «ተሳስቻለሁ» ለማለት አፍሯል። ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ ይህን ሁሉ ይዞ ነው።

እንዲህም ሆኖ፣ ቅር ማለትሽ ልክ ነው። 200,000 ብር ከቤት ሲወጣ ሚስት ልትጠየቅ ይገባት ነበር። የእርዳታውን ነገር አልቃወምም፤ ለወንድም ያልሆነ ብር ለምን ይሆናል? ግን ስልክ ቁጥርሽን በተጠሪነት ሰጥቶ ሲያበቃ ነገሩን ከጸሐፊው እንድትሰሚ ማድረጉ ያማል። ይህን ህመም «ችግር ነው ያመጣው» ብለሽ ቶሎ አትዋጪው። ትነግሪዋለሽ።

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ሰኔ ላይ የደወለው ሰው የዕቁብ ጸሐፊ ሳይሆን የወርቅ ቤቱ ሰው ቢሆንስ? ለአንቺ ሳይሆን ለባለቤትሽ ደውሎ «ባለቤትዎ የሸጡት ሀብል» ቢለውስ? ምን እንዲያስብልሽ ትፈልጊ ነበር? ሌባ ናት እንዲል ነው? ወይስ «ምን ያህል ቢጨንቃት ነው!» እንዲል? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። እሱን ልታነጋግሪው ስትቀመጪ ግን ይዘሽው ቅረቢ። ቤታችሁ ውስጥ የደበቀው ሰው አንድ አይደለም። ሁለታችሁም የደበቃችሁት ደግሞ ሌላው እንዳይጨነቅ ብላችሁ ነው። ይሄ ነው አንጀቴን የበላው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ንገሪው ነው። አትጠብቂ። ሁለት ወር ሙሉ እየፈተንሽው ነው፤ እሱ ግን ፈተና ላይ መቀመጡን አያውቅም። ዝም ባለ ቁጥር አንቺ «ዛሬም አልተናገረም» ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። እስከ መስከረም ብትቆዪ ያ መዝገብ ከዕቁቡ ይበልጣል። መስከረም ደግሞ ኪራዩን፣ ደብተርና ዩኒፎርሙን፣ በዓሉን በአንድ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው።

መቼና እንዴት የሚለው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደመወዝ የገባ ዕለት አይሁን። ከሥራ ደክሞት እንደገባም አይሁን። በስልክ ጽሑፍማ ፈጽሞ። እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ጎረቤት ወይም ሜዳ ሲሄዱ ይሻላል። የወሬው መጀመሪያም ዕቁቡ ባይሆን እመርጣለሁ። ከሀብሉ ጀምሪ። «አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ሀብሉ እህቴ ጋ የለም። ለምዝገባ ሸጥኩት። የስልክ ብድርም አለብኝ፣ 6,000 ደርሷል። ብቻዬን መሸከም አቃተኝ» በይው። ከዚያ ትንሽ ዝም በይ። ምናልባት እዚያው ላይ የራሱን ያወጣዋል። ካላወጣው «ሰኔ ላይ ጸሐፊው ደውሎልኝ ነበር፤ አውቃለሁ» በይው። ያወቅሽበትን ቀን አትደብቂ። ያኔ ስለከፋሽም ንገሪው። «አንተ ሁሌም» የሚል ነገር ግን አይውጣሽ። ከዚያች ቃል በኋላ ወሬው ስለ እናቱ፣ ስለ እናትሽ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ስለተደረገ ነገር ይሆናል።

ሊቆጣ ይችላል። ያፈረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያሳየው ቁጣ ነው። ከተቆጣ «እሺ፣ ነገ ማታ እንቀጥላለን» ብለሽ ተነሺ። ያልጻፍሽልኝ ነገር ካለ፣ ማለትም በቁጣው ጊዜ እጁን የሚያነሳ ከሆነ፣ ይህን ምክር ተይው። ከዚያ በፊት የምታምኚው የቤተሰብ ሰው አብሯችሁ እንዲቀመጥ አድርጊ። እንደጻፍሽው ግን ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን የሚበላ እንጂ ሰው የሚጎዳ አይመስለኝም።

ወሬው ከተከፈተ በኋላ ወረቀት አውጡ። ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቂበታለሽ። እኔ የማነሳው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። አንደኛ ዕቁቡ ነው። ለምን? ዋስ አለበታ። ባንክ ቢሆን ወለድ ቆጥሮ ይጠብቅ ይሆናል። ዕቁብ ላይ ግን እናንተ ስትዘገዩ የሚጠየቀው ያ ወዳጁ ነው፤ እሱም ቤት አለው፣ ልጆች አሉት። ባለቤትሽ በዚህ ሳምንት ዋሱን በአካል ያግኘው። ከዳኛው ሳይሆን ከራሱ አፍ ይስማ። ከዚያ ወደ ዳኛው ሄዶ «አልጠፋሁም፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል እጥላለሁ» ይበል። የዕቁብ ዳኛ የዘገየ ሰው ብዙ አይቷል። የሚያናድደው ስልክ የማያነሳው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ቁጥር አለ። ዕቁቡ ጥቅምት 2017 ከጀመረ የቀረው 9 ክፍያ ነው። 90,000 ብር። ትልቅ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ግንቦት ላይ ያልቃል። የጨነቀው ሰው ችግሩ መቼ እንደሚያበቃ ሲያውቅ እንቅልፉ ይመለሳል። ግንቦትን ወረቀቱ ላይ አክብቡባት።

ወንድምየውን የሚያነጋግረው ባለቤትሽ ነው፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ። ያንቺ ስልክ ከሆነ ነገሩ «የወንድሜ ሚስት ጨቀጨቀችን» ይሆናል። ጥያቄውም «መቼ ትከፍላለህ?» ባይሆን ይሻላል። ሰውየው የሌለውን ከየት ያመጣል? ይልቅ «ባጃጁ ምን ሆነ? ለማሠራት ስንት ይፈጃል?» ብላችሁ ጀምሩ። ምናልባት ጥቂት ሺህ ብር የጎደለው ጥገና ይሆናል፤ ያኔ ባጃጁ ይነሳል፣ 10,000 ባይሆን እንኳ 5,000 መላክ ይጀምራል። ወይም ጨርሶ የማይነሳ ይሆናል፤ ያኔ ሸጦ ምን ያህል እንደሚመልስ ተነጋገሩ። ከሁለቱ ለአንዱም እሺ ካላለ የምታከብሩት አጎት ወይም ሽማግሌ ይግባበት። ይሄ የወንድማማቾች ነገር ስለሆነ ቀነ ገደብ አስቀምጡለት። ካልሆነ እስከ ፋሲካ ይጎተታል።

ሁለተኛው የስልክ ብድርሽ ነው። መጠኑ ከሁሉም ያንሳል፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚያደክም እሱ ነው። ጊዜው አጭር ነው፣ አገልግሎት ክፍያ አለው፣ አንዱን በሌላው ስትደፍኚ ደግሞ መቼም አይዘጋም። መሥሪያ ቤትሽ ወይም የእሱ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ካለው፣ ከዚያ 6,000 ብር ወስዶ ይህን አንዴ መዝጋትና በዝግታ ከደመወዝ ማስቆረጥ ያዋጣል። ለአስቤዛ ግን ከዚያም አትበደሩ።

ኪራዩ። ወይዘሮዋ 17,000 ስላሉ ብቻ 17,000 አይሆንም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ ያዛል። ጭማሪም ቢሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያስታውቀው መጠን ነው እንጂ አከራይ እንዳሻው አይደለም። ገና ዓመታችሁ ነው። ውላችሁ ወረዳ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ መጀመሪያ አይተሽ፣ ካልተመዘገበም እዚያው ምን ማድረግ እንደሚቻል ጠይቂ። አዋጅ ታቅፈሽ ግን በራቸውን አታንኳኪ። ወይዘሮዋም ኑሮ ተወዶባቸው ይሆናል። ቡና ጠጥታችሁ፣ «እማማ፣ ያለንበትን ሁኔታ እንንገርዎት፣ ወሩ በገባ በዚህ ቀን ሳናዛንፍ እንከፍላለን፤ ጭማሪው ግን ሕጉ በሚለው ይሁንልን» ማለት ይሻላል። በየወሩ በቀኑ የሚከፍል ተከራይ እሳቸውም ማጣት አይፈልጉም።

«ወደ አነስ ያለ ቤት እንግባ» የሚል ሐሳብ ከመጣ አላጣጥለውም። ኪራይ ከወጪያችሁ ሁሉ ትልቁ ነው። ግን የዕቃ ማጓጓዣውን፣ አዲሱ አከራይ የሚጠይቀውን ቅድሚያ ክፍያ፣ የልጆቹን ትራንስፖርት ደምሩበት። ለ9 ወር ብቻ ከሆነ ላያዋጣ ይችላል። ወንድምየው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ምንም ካልላከ ያኔ መልሳችሁ አንሱት።

ትምህርት ቤቱን ዘንድሮ አትንኩት ባይ ነኝ። ምዝገባው በሀብልሽ ተከፍሏል። ቤቱ እንዲህ በተናወጠበት ጊዜ ልጆቹን ከጓደኞቻቸው መለየትም ሌላ ራስ ምታት ነው። ክፍያው በሦስት ወር የሚሰበሰብ ከሆነ በየወሩ እንዲሆንላችሁ ጠይቁ። ብዙ ትምህርት ቤት ሳይጮህ ለሚጠይቅ ወላጅ እንዲህ ያደርጋል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ርካሽ ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚለውን እስከ ሚያዝያ ረጋ ብላችሁ አስቡበት። ይሄ ውርደት አይደለም። ይህን የምጽፍልሽ እኔም የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ስህተት ካገኘሽብኝ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ገቢ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ የሂሳብ ባለሙያ ነሽ፣ ያለነውም በግብር ወቅት ነው። የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለባቸው የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ድረስ አሳውቀው መክፈል አለባቸው። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅጥቆ የሂሳብ ሰው የሚፈልግ ነጋዴ በየሰፈሩ አለ። ከመሥሪያ ቤትሽ ሥራ ጋር የማይጋጭ መሆኑን አረጋግጠሽ ሁለት ሦስት መዝገብ ብትይዢ፣ በእነዚህ ሁለት ወራት የአስቤዛውን ክፍተት ሊደፍንልሽ ይችላል። ይህን ግን የምለው ባለቤትሽ ማታ ማታ ልጆቹን የሚይዝ ከሆነ ነው። ሁለተኛ ሥራ ይዘሽ እራቱንም ደብተሩንም አንቺው ልታይ ከሆነ ይቅር። እሱም ቅዳሜና እሑድ ሽያጭ የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ሱቅ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጨርሶ ከማቆምሽ በፊት ንገሪያቸው። «እስከ ግንቦት 1,000 ብር ብቻ ነው የምልክልሽ» ብትያቸው ከምታስቢው በላይ ይረዱሻል። የደብረ ብርሃን እናት ልጇ መቸገሯን ስትሰማ ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ። በሳምንቱ ሽሮና በሶ ቋጥራ በር ላይ ነች።

እህትሽን ግን ወርሃዊ እርዳታ አትጠይቂያት። ድርሃሙ ሲመነዘር ብሩ በዝቶ ይታያል እንጂ የእሷ የሥራ ሰዓት አላጠረም። «ደህና ነን፣ ምንም አልጎደለብንም» የሚለውን ግን ተይው። «ዕዳ አለብን፣ ግንቦት ላይ እንጨርሳለን፣ ከአንቺ ጋር ማውራት ስለፈለግኩ ነው» በያት። እሷ ራሷ «ምን ልርዳ?» ካለች አንድ ነገር ብቻ ንገሪያት፤ ለምሳሌ የስልክ ብድሩን። እህትማማቾች መካከል ልክ የሌለው «እስኪ የቻልሽውን» ነው ቅያሜ የሚያመጣው።

እንቁጣጣሽ ላይ ቅርጫው ይቅር። ዶሮም ቢቀር ሰማይ አይደፋም። ልጅሽ ከሰፈር ልጆች ጋር አበባየሆሽ ብላ የምትገባበትን ሰዓት ግን ጠብቃችሁ ሁለታችሁም ቤት ተገኙላት።

ልጆቹን መጨረሻ ላይ ያመጣኋቸው ስለማያሳስቡኝ አይደለም። ትንሿ መብራት እያጠፋች ነው፤ ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች። ከነገራችኋት ይልቅ ያልነገራችኋት ነው ያስፈራት። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ዝም ያለው ነው። የ12 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲሰማ ብዙ ጊዜ «በእኔ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው» ብሎ ያስባል። አይጠይቅም፣ ጫማው ጠቦትም አይናገርም። ከአባቱ ጋር ከተስማማችሁ በኋላ፣ ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ አጭር ነገር ንገሩት። «አንድ ዕዳ አለብን፣ እየከፈልን ነው፣ ግንቦት ላይ ያልቃል። ያንተ ጥፋት የለበትም። ትምህርትህ ይቀጥላል። የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ጠይቀን፤ አንዳንዱን እሺ እንላለን፣ አንዳንዱን ቆይ እንላለን።» የአጎቱን ስምና የባጃጁን ታሪክ አትንገሩት። ለትንሿ ደግሞ «ካርዱን የሚሞላው አባዬ ነው፣ አንቺ በብርሃን አጥኚ» ይበቃታል። ይህን አባቷ ቢነግራት ደስ ይለኛል።

እሑድ ድረስ ገና አራት አምስት ቀን አለ። እስከዚያ እሱ ማታ ማታ እዚያ ድንጋይ ላይ መቀመጡ አይቀርም። አንድ ማታ ከበረንዳው ላይ ማየቱን ተይና ውረጂ። ስለ ዕቁብ ምንም አታንሺ፤ ለእሑድ ይቆይ። ነሐሴ ነው፣ ይበርደዋል፤ ጋቢ ይዘሽለት ውረጂና ቦታ ካለ አጠገቡ ተቀመጪ።